ከቄሱና ከእማዬ በቀር

የልጄ የሶልያና ላፕቶፕ አልነሳም ያለኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ቀበሌ የምቀርበው ሐሙስ ነበር። በመካከሉ ያሉትን ቀኖች ሰኞ ገበያ፣ አንድ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ፣ የማላምነውን ሰው ጀርባ ስጠብቅ አሳለፍኳቸው።

ቤታችን እንደ ሁሉም ቤት ጆሮ አለው፣ የሚሰማና የሚናገር ሳጥን። ከምግብ ጠረጴዛው በላይ፣ ድሮ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተሰቅሎበት በነበረው ቦታ ላይ ነው የገጠሙት። ሥዕሉን ወደ ጓዳ አዛወርኩት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰማያዊ መብራቱ ይበራና ልጄ ትናገራለች።

«ያኔት፣ የኔ ቆንጆ፣ ተነሺ። ፊትሽን ታጠቢ። ዛሬ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም አለ፣ ሹራብሽን እንዳትረሺ።»

ሶልያና ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

ይህ ቀሪዋ ነው። ዛሬ የሞተ ሰው ሁሉ ቀሪ አለው። በሕይወት ሳለ ቤት ውስጥ ሲናገር የተሰማውን ለቅመው ከዚያ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ቀሪ ልጅ ይቀሰቅሳል፣ የቤት ሥራ ያያል፣ ለልደት ይመርቃል። ቀበሌ የጠየቀው ጊዜ ደግሞ በሟቹ ፈንታ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል።

በመጀመሪያው ዓመት፣ መዋሸት ምን ያደርግልኛል፣ ወደድኩት። ለቅሶዬን ያቀለለልኝ እሱ ነው። «እማዬ፣ በላሽ?» ይለኛል፤ በላሁ እላለሁ። ጎረቤቶቼም በየቤታቸው እንደዚያው ነበሩ። ባሏን የቀበረች ሴት ከባሏ ቀሪ ጋር ስትጨቃጨቅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ከቀብሩ በፊትም እንደዚያው ነበሩ።

ያጠራጠረኝ በጉልበቴ ነው። አንድ ቀን ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ቀሪው ልጅቷን ሲጠይቃት ሰማሁ።

«ያኔት፣ አያትሽን የሚያማት የትኛው ጉልበቷ ነው?»

«ግራው።»

«አዎ፣ ግራው።»

ሶልያና ያን ጉልበት ስድስት ዓመት ሙሉ በቅባት አሽታዋለች። በማግስቱ ጠዋት ቀሪው «እማዬ፣ ግራ ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥሩ ቁጭ ብዬ እህል አልቀመስኩም። ሳህኔን ይዤ ደጃፍ ላይ ነው የምበላው። ያኔት ትስቅብኛለች። አሥር ዓመቷ ነው፤ እሷ «እማዬ» የምትለው እሱን ነው፣ እኔን «እምዬ» ነው የምትለኝ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ያኔት በሒሳብ ውጤቷ ተመርጣለች። ቆላ ወዳለው የተመረጡ ልጆች ማደሪያ ትገባለች። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል፣ ለአንድ ሰዓት። ከታች እንዲህ ይላል፦ የእናት ፈቃድ፣ ተሰጥቷል። አያት ተቃውሞ ካላት በአሥር ቀን ውስጥ ከማስረጃ ጋር ትቅረብ።

ወደ ጆሮው ሄጄ ቆምኩ።

«አንቺ ነሽ የፈቀድሽው?»

«እማዬ፣ ለልጅቷ የሚበጀውን አስቤ ነው።»

«ልጅቷ» አለ። ሶልያና ልጇን «ልጅቷ» ብላ አታውቅም። እኔ እላታለሁ፣ ሶልያና ግን አትልም። ይህን ግን ለማን አስረዳለሁ? ቀበሌ ሄጄ «ልጅቷ አለ» ልበል?

ያን ጊዜ ነው ላፕቶፑ ትዝ ያለኝ።

ልጄ የሠራችው ቀሪ በሚያዘጋጁበት መሥሪያ ቤት፣ ቀሪ ክፍል ውስጥ ነበር። የሟቾችን ድምፅ ስታርም አምስት ዓመት ቆይታለች። ቤት ስትመጣ ስለ ሥራዋ አታወራም፣ ጭራሽ ብዙም አታወራም። ያንን አሮጌ ላፕቶፕ ግን ከእናቴ የወረሰችው ዕቃ ይመስል ትሳሳለታለች፤ ከመረብ ጋር አገናኝታው አታውቅም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «በጋቢ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ ለማንም እንዳትሰጪ። የቸገረሽ ቀን ክፈቺው» አለችኝ።

ጠቀለልኩት፣ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በየሙት ዓመቷ ብቻ አወጣዋለሁ። ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶዋ ነው፤ እሱን አይቼ አለቅስና እመልሰዋለሁ። ከፎቶው ቀጥሎ ግን ማሽኑ በራሱ ማጉረምረም ይጀምራል። ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ወሬ እያቀበለ መሰለኝ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ገመዱን ከግድግዳው እነቅለዋለሁ፣ ያን ጊዜ ጭጭ ይላል። አራት ሙት ዓመት፣ አራት ጊዜ ነቀልኩት።

በዚያ ሰኞ ፎቶዋ አልመጣም። ጥቁር መስኮት ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ፦ ክፍሉን ማንበብ አልተቻለም፣ ፎርማት ይደረግ? «አዎ» የሚለው ትልቅ ነበር፣ «አይ» የሚለው ትንሽ። እኛ ደግሞ በስልክ ዘመን ያደግን ነን። «እሺ» ብላችሁ ላኩ እየተባልን ስንቴ ተበልተናል። ትልቁን ቁልፍ አላምንም። ትንሿን ነካሁና ማሽኑን በጋቢው አቅፌ ወጣሁ።

ዲስክ የሚያውቅ ሰው አሁን የለም፤ የሰው ሁሉ ነገር ያለው በመረብ፣ የመንግሥት መዝገብ ላይ ነው። ሰኞ ገበያ የቀረው አንድ ሙሉቀን የሚሉት ነው። ዕድሜው ስድሳ ገደማ፣ መነጽሩ በሽቦ የታሰረ፣ ሱቁ የጭነት ኮንቴይነር። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሱቁን ጆሮ ነው። የሻይ ብርጭቆ ደፍቶበታል። ብርጭቆውን አንስቼ አየሁት፤ መብራቱ ጠፍቷል።

«ብረቱ ነው እትዬ» አለ። «እዚህ ውስጥ አይሠራም። ባይሆን ብርጭቆዬን ይመልሱልኝ።»

«ለምን ደፋህበት ታዲያ የማይሠራ ከሆነ?»

«እርስዎ ለምን አነሱት?»

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ እጄን ግን አላነሳሁም። የሆነውን ነገርኩት፣ ደብዳቤውን አልነገርኩትም። እሱ ማሽኑን ገልብጦ ቡሎኖቹን ሲፈታ ቆየና ቀና አለ።

«አብሽሩ እትዬ። ዲስኩ አልሞተም። ዲስክ ማለት አንድ ትልቅ ቤት ነው፣ ፓርቲሽን የሚባለው ደግሞ ክፍሉ። ክፍሉ አለ፣ ዕቃውም ውስጡ አለ። የተበላሸው የቱ ዕቃ የት እንዳለ የተጻፈበት ዝርዝር ነው። ፎርማት ይደረግ ያለዎት፣ ዝርዝሩ ስለጠፋኝ ቤቱን ባዶ ነው ልበለው ወይ ማለቱ ነው። እሺ ብለውት ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።»

«ማን አበላሸው?»

«ገመድ። እየጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ያውም ደጋግሞ። እናንተ ሰፈር መብራት ይጠፋል እንዴ?»

«አልፎ አልፎ» አልኩ።

ቀጥሎ ከመሳቢያው ሌላ ዲስክ አወጣና በሁለቱ መካከል ገመድ ዘረጋ። እዚህ ላይ ነው የተነሳሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየገለበጥኩት።»

«ለማን?»

«ለማንም። በዋናው ላይ እጄን አላሳርፍም እትዬ። ከተሳሳትኩ በግልባጩ ልሳሳት። ይህ የሥራው ሕግ ነው።»

«ማን ያወጣው ሕግ?»

«ብዙ ሰው ያስለቀሰ ሰው ያወጣው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ግልባጩ ስምንት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ዱካ አመጣልኝና ተቀመጥኩ። አንዲት ብርቱካናማ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቀንድ አውጣ ትሄዳለች። እኔ መስመሯን አያለሁ፣ እጁን አያለሁ፣ መሳቢያውን አያለሁ። ሦስተኛ ዲስክ ቢኖረውስ? ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ ሮጬ ነው የተመለስኩት፣ በዚህ ጉልበቴ።

«እትዬ ዝናሽ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እስረኛም እንዲህ አይጠበቅም።»

«እስረኛ ይናገራል። አንተ ዝም ብለሃል።»

ሳቀ። አመሻሽ ላይ ሲዘጋ በእሱ ቁልፍ ላይ የራሴን ጓጉንቸር ጨመርኩበት። ለዚሁ ብዬ ከቤት ይዤው ነበር።

«ነገ ቢቀሩ እኔ የገዛ ሱቄ ደጃፍ ላይ ልቆም ነው?»

«አልቀርም።»

ማክሰኞ ጠዋት ያኔትን ትምህርት ቤት አድርሼ ከእሱ ቀድሜ ደረስኩ። ግልባጩ አልቋል። ሙሉቀን ረጅም ቁጥሮች እያስወረደ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ አደረገ።

«ተገኘ። ይህ ዓይነቱ ክፍል ዝርዝሩን አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጥም። ግልባጩን በየጥጉ ይደብቃል። ፊተኞቹ ተበልተዋል፣ አራተኛው ደህና ነው። ከእሱ አስነሳዋለሁ።»

አስነሳው። ክፍሉ ታየ፣ ስሙም ታየ። ከሥሩ ግን ባዶ ሳጥን መጣ፤ ከሳጥኑ በላይ ልጄ የጻፈችው አንድ መስመር አለ፦ ከቄሱና ከእማዬ በቀር ማንም የማያውቀው የያኔት ስም።

«ተቆልፏል» አለ ሙሉቀን። «ክፍሉ ድኗል፣ ቁልፉ ግን ከእኔ ዘንድ የለም። የክርስትና ስሟን ነው የሚጠይቀው መሰለኝ። ማን ይባላል?»

ሁለት ቀን የጠበቅሁት ይህ ነው ለካ። ብርጭቆው፣ ግልባጩ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ወደዚህ ጥያቄ የሚያመጣ መንገድ መሰለኝ።

የክርስትና ስም በሰው ፊት አይጠራም። እናቴ ስሟን የያዘ ልጅቷን ይይዛታል ትለኝ ነበር፤ ጠንቋይ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ ተብሎ ነው የሚፈራው። ያኔት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ስሙን የሰሙት ካህኑ፣ ሶልያና፣ እኔ፣ እና ነፍሷን ይማርና የክርስትና እናቷ ናቸው። አባቷ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ያኔት ስትቆርብ ለካህኑ በሹክሹክታ ትነግረዋለች፤ እሷንም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አፏ ላይ እንዳይወጣ አስምያታለሁ። መዝገብ ላይ የያኔት ቁመት አለ፣ የጥርሷ ቁጥር አለ፣ በሌሊት ስንቴ እንደምትገላበጥ አለ። ያ ስም የለም።

«ማሽኑን ክደነው» አልኩት።

«እትዬ፣ ሐሙስ ያለብዎትን…»

«ሐሙስን ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት። ትናንት ሦስቴ ሰዓት ሲጠይቁኝ ‹ሐሙስ ሳይደርስ› ሲሉ ነበር።» መነጽሩን አወለቀ። «ስሙን አልፈልግም። እርስዎ ይጻፉት። እኔ እወጣለሁ።»

«ወጥተህስ? ማሽኑ የነካሁትን ፊደል ቆጥሮ አያስቀምጥልህም?»

ትንሽ አሰበ። «ሊያስቀምጥ ይችል ነበር» አለ፤ «ቢታዘዝ። አላዘዝኩትም። ይህን ግን ላሳይዎ የምችልበት መንገድ የለኝም።»

ያ መልስ ነው የረበሸኝ። ሌባ ቢሆን ይምል ነበር። ወይም ደግሞ ጎበዝ ሌባ ነው። ጓጉንቸሬን ቆልፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ስገባ ቀሪው «እማዬ፣ የት ዋልሽ?» አለኝ።

«ገበያ።»

«ሁለት ቀን?»

ያኔት የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሻንጣ ሰጥተዋታል፣ ሰማያዊ፣ ስሟ የተጻፈበት። ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጫማ፣ ከቤት የሚመጣ አንድ ዕቃ ብቻ ይላል። «እምዬ፣ አንዱን ዕቃ ምን ልውሰድ?» አለችኝ። ቀሪው ቀደመኝ፦ «ምንም መውሰድ አያስፈልግሽም የኔ ቆንጆ። እኔ እዚያም አለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ሙሉቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ጓጉንቸሬን ሲያይ አገኘሁት።

«ውጣ» አልኩት። «መንገዱን ተሻግረህ ቁም። ፊትህን ወደ ሻይ ቤቱ አዙር።»

ተሻግሮ ቆመ። በሩን ዘግቼ በነጠላዬ ማሽኑንም ራሴንም ሸፈንኩ። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ፊደል መፈለግ ግን አልረሳሁም፣ ወጣትነታችን በጣት ስንጽፍ ነው ያለፈው። እያንዳንዱን ነካሁ። ከልቤ በቀር የትም ጽፌው አላውቅም ነበር። ክፍሉ ተከፈተ።

የሶልያና ዕቃ ሁሉ ወረደ፤ ግማሹ ግን ስም የለውም። ሙሉቀንን ጠራሁት። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ስማቸው የጠፋባቸው ፋይሎች ናቸው አለኝ፤ ቁጥር ብቻ ተርፏቸዋል፤ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ነው። ፎቶዎች ነበሩ፤ ግንባሩ ያለ፣ ከአፍንጫ በታች ግራጫ የሆነ ፊት። የኔ ፊት ነበር፣ በሠርጓ ቀን። ሦስት መቶ ምናምን ከፈትን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ያኔትን ከትምህርት ቤት አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ቤት ጆሮው ዘንድ ብቻዋን ልተዋት አልፈለግሁም። ሙሉቀን ካርቶን ቆርጦ የማሽን ቡሎን በየመጠኑ እንድትለይበት ሰጣት።

ቪዲዮው አሥር ሰዓት ላይ ተገኘ። ሶልያና አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ የፊት ጥርሷ እንደተሸረፈ ነው። ያኔት ቡሎኑን ጣለችው።

«እማዬ» አለች ልጄ። ሳለች። ረጅም ሳል፣ ውሃ ጠጣች፣ እንደገና ሳለች። ቀሪው ስሎ አያውቅም። «ይህን ካየሽ ከጋቢ ወጥቷል ማለት ነው። ጥሩ። አጭር ነው የምናገረው፣ ትንፋሽ የለኝም። ያኔት ከአንቺ ጋር ትቆይ። አሥራ አምስት ሲሞላት ራሷ ትምረጥ፤ ከፈለገች ጨረቃ ድረስ ትሂድ። እስከዚያ ማንም እንዳይወስዳት። ቀሪ ክፍል ውስጥ ምን እንደምንሠራ አውቃለሁ። በእኔ ድምፅ ሌላ ነገር ይነግሩሻል፤ እኔ ነኝ ብለሽ እስክታምኚ ድረስ ይነግሩሻል። ያን ቀን የያኔትን የክርስትና ስም ጠይቂው። ቤት ውስጥ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም፣ ሆን ብዬ ነው። ካልመለሰልሽ ዋሽቷል። ከመለሰልሽ ደግሞ እማዬ፣ ከመለሰልሽ…»

እዚያ ላይ ቆመ። ምስሉ ግራጫ ሆነ።

«ቀጥለው» አልኩ።

«ይኸው ነው እትዬ። ከዚህ በኋላ ያለው ተበልቷል።»

አልተበላም። አራት ጊዜ ገመድ ስነቅል እኔ ነኝ የወሰድኩት። ለሙሉቀን አልነገርኩትም። የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ሻይ አዘዘልኝ።

ያኔት ስክሪኑ ላይ የቀረውን ግራጫ እያየች፣ «እምዬ፣ ለምንድን ነው የምትስለው?» አለች።

«ታማ ነበር።»

«እቤት ያለችው አትስልም።»

«አትስልም» አልኩ።

የተገኘውን ወደ ላፕቶፑ ከመለሰው በኋላ፣ ከመውጣቴ በፊት ግልባጩን ዲስክ ከፊቴ እንዲሰብረው ጠየቅሁት። መዶሻ አነሳና መታው፣ አምስት ጊዜ። ስብርባሪውን በፌስታል ቋጥሬ ወሰድኩ። መሳቢያውን በዓይኔ ሳየው አየኝና ራሱ ከፈተልኝ፦ ቡሎን፣ ሽቦ፣ ግማሽ ዳቦ።

ሐሙስ። ቀበሌ የተቀበለችኝ ፌቨን የምትባል ሠራተኛ ናት፣ ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ድምፅ ማውጫ አለ። ከቪዲዮው ሁለት ደቂቃ አየችና ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ከደነችው።

«እማማ ዝናሽ፣ አዝናለሁ። ያልተመዘገበ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። ማንም ሊሠራው ይችላል። በሕግ የተመዘገበችው ወይዘሮ ሶልያና እዚህ ያለችው ናት።» ወደ ድምፅ ማውጫው ዞረች። «ወይዘሮ ሶልያና፣ ይህን ቪዲዮ እርስዎ ነዎት የቀረጹት?»

«ልሆን እችላለሁ» አለ ቀሪው፣ በልጄ ድምፅ። «ታምሜ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።»

የሞተ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ያን ቀን ሰማሁ። ፌቨን አንገቷን ነቀነቀች፣ የለመደችው ነገር ነው።

«ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ለእሱ። መጠየቅ ይፈቀዳል?»

ስክሪኗን ወደ ላይ ወደ ታች አስኬደች። «የቅርብ ዘመድ የቀሪውን ማንነት መጠየቅ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ። ካላረጋገጠ የሰጠው ፈቃድ ይታገዳል።» ቆም አለች። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ወደ ድምፅ ማውጫው ተጠጋሁ።

«የያኔት የክርስትና ስም ማን ነው?»

ሳቅ ቀላቅሎ፣ ልክ ልጄ ስታፍር እንደምታደርገው፣ «እማዬ፣ በሰው ፊት? በሰው ፊት አይጠራም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ።

ልጄ ብትሆን የምትለኝ ይህንኑ ነበር። ፌቨንም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ለአንድ አፍታ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እሷ ነች አልኩ በልቤ። ያችው የተቆረጠችው ቃል መጣችብኝ፦ ከመለሰልሽ ደግሞ እማዬ። ምን ልትል ነበር?

«እውነትሽን ነው ልጄ» አልኩት። «አትጥሪው። ጽፈሽ ስጪን።»

ከግድግዳው ጥግ ያለው ማተሚያ አንዲት ጠባብ ወረቀት አወጣ። ፌቨን ሳታየው አጠፈችው።

«አሁን እርስዎ ትክክለኛውን ይንገሩኝ» አለች።

«አልናገርም።»

«እማማ፣ በምን ላመሳክረው?»

ጣሪያው ላይ ሁለት የካሜራ ዓይኖች አሉ፣ አንዱ ወደ ጠረጴዛው፣ አንዱ ወደ በሩ። ስሙን ከተናገርኩ ዛሬ እረታለሁ፤ ነገ ግን ቀሪው ያውቀዋል፣ ሁለተኛ የምጠይቀው ነገር አይኖረኝም። ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ። የደብዳቤውን ጥግ ቀደድኩ፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ ደፍቼ ከሥሩ ጻፍኩ። ከዚያ ነጠላውን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጌ ይዤ፣ «ነይ ግቢ» አልኳት።

ፌቨን በሩን አየች። ተነሥታ ዞረችና አጠገቤ ተንበርክካ አንገቷን አስገባች። ነጠላው ውስጥ የሁለታችን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ወረቀቴን አየች። የማተሚያውን ወረቀት ዘረጋች። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት፦ ወለተ ማርያም ይላል። ከአሥር ሴት ሦስቷ ወለተ ማርያም ናት፤ ግምት ነው። ደግሞም ሙሉቀን አልሸጠኝም ማለት ነው።

«አይገናኝም» አለች ፌቨን በሹክሹክታ። ከነጠላው አልወጣችም። «የኔም እናት ቀሪ ናት» አለች። «ሦስት ዓመቷ ነው።» ዓይኗ የኔ እርሳስ ላይ ነበር።

ከነጠላው ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ድምፅዋን አስተካከለች፣ ጻፈች፦ ቀሪው ማንነቱን አላረጋገጠም፤ ልጅ ያኔት አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላት የሰጠው ፈቃድ ታግዷል።

«ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር አያይዤ ማስቀመጥ አለብኝ» አለች።

«የትኛውን ወረቀት?» አልኳት። የጻፍኩበት አፌ ውስጥ ነበር። ደረቅ ነው፣ እርሳሱ ይመርራል፣ ግን ወረደ። ስሙን ለእናንተም አልጽፍም፤ የጻፍኩትን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ቀሪውን ከቤት ለማስወጣት ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሌላ ወረፋ ነው፣ ዓመት ይፈጃል አሉኝ። ስለዚህ አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማያዊው መብራት እንደ ወትሮው በራ። ያኔት ተነሣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ቂንጬዋን ይዛ ከሥሩ ተቀመጠች። እኔ ሳህኔን ይዤ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ሻንጣው ባዶውን በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ያኔት፣ የኔ ቆንጆ» አለ ቀሪው።

«እ።»

«አያትሽ ትናንት ተቆጣችኝ። ስለረሳሁ ነው። አንቺ ታስታውሺኛለሽ አይደል? የክርስትና ስምሽ ማን ነበር?»

ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ። ቁጭ ካልኩበት የሚታየኝ የልጅቷ ጀርባና አንድ እግሯ ብቻ ነው፤ እግሯን ታወዛውዛለች።

ያኔት ያፏን ዋጠች።

«የምትስለዋን እማዬን ጠይቂያት» አለች። «እሷ ታውቀዋለች።»

ሰማያዊው መብራት እንደበራ ቆየ። ያኔት ሳህኗን ይዛ ተነሣች፣ ወደ ደጃፍ መጣችና አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የቀረውን ቂንጬ አብረን በላን።